ሥራዬ ላፕቶፔ ውስጥ ነው

ባለፈው ወር በዚህ አምድ ላይ ቱልሳ እንደምኖር በጨረፍታ ጠቅሼ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችሁ ጠየቃችሁኝ። «ቱልሳ ደግሞ የት ነው? እዚያ ሐበሻ አለ ወይ? እውነት ርካሽ ነው?» እነዚህን ጥያቄዎች ከእናንተ በፊት እናቴ ጠይቃኛለች። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

በ2023 ማርች ውስጥ አንድ እሑድ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ እናቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሲቀዳ፣ ማለትም ሁለተኛው ዙር ሲደርስ፣ ድፍረት አግኝቼ ተናገርኩ።

«እማዬ፣ ወደ ቱልሳ ልንዛወር ነው።»

«የት?»

«ቱልሳ። ኦክላሆማ።»

ስኒዋን አስቀመጠች። «ሥራሽስ?»

«ሥራዬ ላፕቶፔ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ላፕቶፑን ቨርጂኒያ ምን በደለችው?»

ባለቤቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

መልስ ነበረኝ፤ መልሱ ግን ቁጥር ነበር። እኔ ሆስፒታሎች ለኢንሹራንስ የሚልኩትን ሒሳብ የማዘጋጅ ሠራተኛ ነኝ። ከ2020 ጀምሮ ቢሮ ገብቼ አላውቅም። ባለቤቴ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እሱ ከየትም ከተማ ተነሥቶ መሥራት ይችላል። የሁለታችንም ሥራ አሌክሳንድሪያ ኑሩ አይለንም። እኛ ግን ለባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በወር 2,450 ዶላር እንከፍል ነበር። ከስድስት ዓመት ትዳር በኋላ የቆጠብነው ገንዘብ 4 ሺህ ዶላር አልሞላም። ስለ ቤት መግዛት ማውራት ትተን ነበር፤ ባወራን ቁጥር እንጣላለንና።

ቱልሳን የሰማሁት ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነው። እዚያ «ቱልሳ ሪሞት» የሚባል ፕሮግራም አለ። የተጀመረው በ2018 ሲሆን ገንዘቡን የሚሰጠው የጆርጅ ካይዘር ቤተሰብ ፋውንዴሽን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቱልሳ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በነዳጅ ዘይት የበለጸገች ከተማ ነበረች፤ «የዓለም የነዳጅ ዋና ከተማ» እስከ መባል ደርሳለች። በኋላ ግን ብዙዎቹ የነዳጅ ካምፓኒዎች ወደ ሂዩስተን ሄዱ፤ ሠራተኛውም ተከትሏቸው ሄደ። ስለዚህ ከተማዋ ሰው ትፈልጋለች። ፋብሪካ እንዲመጣላት ከመለመን፣ ሥራውን በቦርሳው ይዞ የሚመጣ ሰው ቢገኝስ? ከሌላ ስቴት የመጣ፣ ሙሉ ጊዜውን በርቀት የሚሠራ ሰው፣ ቱልሳ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት ለመኖር ከተስማማ 10 ሺህ ዶላር ይሰጡታል። በዚህ መንገድ የመጡት ሰዎች ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ዌስት ቨርጂኒያም በ2021 ተመሳሳይ ፕሮግራም ጀምራለች፤ የእሷ 12 ሺህ ዶላር ነው።

አመለከትኩ፣ በቪዲዮ አነጋገሩኝ፣ ተቀበሉኝ። ለእናቴ ደውዬ «10 ሺህ ዶላር በነጻ!» አልኳት።

«በነጻ የሚሰጥ ነገር ዋጋው የሚነገረው በኋላ ነው» አለችኝ።

ትንሽ ቆይቶ ገንዘቡ እንደ ገቢ እንደሚቆጠርና ታክስ እንዳለበት ሳውቅ፣ ልክ ነበረች ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን ስለ ታክስ አልነበረም የምታወራው።

እናንተም ይህን እያሰባችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዕቃ ከማሰራችሁ በፊት አሠሪያችሁን ጠይቁ። «ላፕቶፕ ነው፣ ማን ያያል?» ብሎ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው አለ። ካምፓኒው ግን እናንተ በምትኖሩበት ስቴት መመዝገብ፣ የዚያንም ስቴት ታክስ ከደመወዛችሁ መቁረጥ አለበት። አንዳንድ አሠሪ ርካሽ ከተማ ስትገቡ ደመወዝ ይቀንሳል። የእኔው አልቀነሰም፤ መልስ ለመስጠት ግን ስድስት ሳምንት ፈጀበት፤ በእነዚያ ሳምንታት የረባ እንቅልፍ አልተኛሁም። የጤና ኢንሹራንሳችሁም በአዲሱ ከተማ ሐኪም ያለው መሆኑን አጣሩ። አሠሪያችሁ ኒው ዮርክ ከሆነ ደግሞ ታክስ የሚያውቅ ሰው አማክሩ፤ ኒው ዮርክ ሌላ ስቴት ቁጭ ብላችሁ ብትሠሩም የራሷን ታክስ ልትጠይቅ ትችላለች። ይህን ሁሉ የምለው ከእኔ በላይ አዋቂ ሆኜ ሳይሆን በተዛወርንበት ዓመት ለሁለት ስቴት ታክስ ስንሞላ ኩሽናው ውስጥ ስላለቀስኩ ነው።

ጁን ላይ ጓዛችንን ጠቅልለን ተነሣን። «ጓዝ» ማለት ሰው ቤት ሲቀይር የሚይዘው ዕቃ ሁሉ ነው፤ እናቴ «ጓዝ» ስትል ግን ልጅንም ይጨምራል። መንገዱ 1 ሺህ 2 መቶ ማይል ገደማ ነው። ሁለት ቀን ነዳን። ልጃችን ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ በየነዳጅ ማደያው «አያቴ መቼ ነው የምትመጣው?» ትል ነበር።

ቱልሳ ትልቅም ትንሽም አይደለችም። በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ ከ4 መቶ 13 ሺህ በላይ ነበር። በኦክላሆማ ሁለተኛዋ ከተማ ናት። መሃል ከተማው በነዳጁ ዘመን በተሠሩ ያማሩ የ1920ዎቹ ሕንጻዎች የተሞላ ነው፤ መንገዱ ግን ቅዳሜ ጠዋት እንኳን ባዶ ነው። አርካንሳስ ወንዝ ዳር «ጋዘሪንግ ፕሌስ» የሚባል በ2018 የተከፈተ መናፈሻ አለ። መግቢያው ነጻ ነው፤ ልጄን ከዚያ ማውጣት ግን ነጻ አይደለም፤ ሁልጊዜ አይስክሬም ያስከፍለኛል።

ሦስት መኝታ ያለው፣ ከጓሮው ትልቅ የፒካን ዛፍ የቆመበት የጡብ ቤት በወር 1,450 ዶላር ተከራየን። ልዩነቱ ልክ 1 ሺህ ዶላር ነው። ባለቤቴ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። ቀስ እያለ ግን 1 ሺው እየሟሸሸ መጣ። አውቶብስ እንደ ዋሽንግተን አካባቢ ስለማያዘወትር ለእኔ ሁለተኛ መኪና ገዛን። ጁላይና ኦገስት ላይ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ፋራናይት ሲያልፍ የመብራቱ ሒሳብ አስደነገጠን። የሽያጭ ታክሱ ከ8 ነጥብ 5 በመቶ በላይ ነው፤ ያኔ ምግብ ላይም ይከፈል ነበር። የስቴቱ የምግብ ታክስ የቀረው በ2024 ኦገስት መጨረሻ ነው፤ የከተማው ድርሻ አሁንም አለ። በመጨረሻ ፍሪጁ ላይ ያለው 1 ሺህ ተሰርዞ 600 ተብሎ ተጻፈ። ቢሆንም 600 ዶላር በየወሩ እጃችን ላይ ሲቀር በትዳራችን የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

የመጀመሪያውን ረቡዕ አልረሳውም። እኩለ ቀን ላይ ከአለቃዬና ከስድስት ባልደረቦቼ ጋር የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። በድንገት ከሰማይ የወረደ የሚመስል ጩኸት ተነሣ። ሳይረን ነው። ስለ ኦክላሆማ በደንብ የማውቀው ነገር ቢኖር ቶርኔዶ ነበር፤ ቤት ነቅሎ የሚወስድ አውሎ ነፋስ። የጆሮ ማዳመጫውን ወርውሬ ልጄን ታቅፌ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ገንዳው ውስጥ ተኛን። ከላይ ፍራሽ መልበስ እንደሚያስፈልግ አንብቤ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ፎጣ ብቻ ነው።

ጩኸቱ ሲያቆም ቀስ ብዬ በሩን ከፈትኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት ሴት፣ አበባ ያጠጣሉ። ፎጣ ተከናንቤ ሲያዩኝ ወዲያው ገባቸው።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አሉኝ።

ቱልሳ ውስጥ አየሩ መልካም ከሆነ በየሳምንቱ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሳይረኑን ይሞክሩታል። ወደ ስብሰባው ስመለስ ሰባት ሰው ዝም ብሎ ባዶ ወንበሬን እያየ ነበር። (አማርኛ ለምትማሩ፦ «ረቡዕ» ብለን እንጽፋለን፤ ስንናገር ግን «ሮብ» እንላለን።)

ሥራው ራሱ አልተለወጠም። ቱልሳ ከቨርጂኒያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር በእኛ ጠዋት 7 ሰዓት እጀምርና ከሰዓት በኋላ 3 ተኩል ላይ እጨርሳለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው በዚያው ሰዓት ነው። ለልጅ ጠባቂ የምከፍለው ገንዘብ የለም። መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ትልቅ ትርፍ ቆጠርኩት።

አሌክሳንድሪያ ሳለን ልጄን ከትምህርት ቤት የምትቀበላት እናቴ ነበረች። በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል አብረው ይውሉ ነበር። ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ልብስ ያጥፋሉ፣ ከፎቅ በታች ካሉት ሴቶች ጋር ያወራሉ። ማንም «አማርኛ እያስተማርኩ ነው» አላለም። አማርኛ እንደ ቤቱ ጠረን ነበር፤ ልጅቱ ዝም ብላ ትተነፍሰው ነበር።

ቱልሳ በገባን በአራተኛው ወር አንድ ማታ ከእናቴ ጋር በስልክ ስታወራ ቆይታ ወደ እኔ መጣች። በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀችኝ። «ማሚ፣ ‹ናፍቀሽኛል› ምን ማለት ነው?»

ሳህን እያጠብኩ ነበር። ውሃውን ዘጋሁት።

ይህን ቃል አታውቀውም ነበር። ከዚያ በፊት እናቴ «ናፍቀሽኛል» ብላት አታውቅም፤ በየቀኑ የምታገኘውን ልጅ ማን ናፍቀሽኛል ይላል? ልጄ የቃሉን ትርጉም የተማረችው እኔ ስላዛወርኳት ነው። ነገርኳት። «እሺ» ብላ ወደ ሥዕሏ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ በአማርኛ ስጠይቃት የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነበር። መቼ እንደጀመረች እንኳን አላስተዋልኩም። እናንተ በእንግሊዝኛ እየመለሳችሁ ያደጋችሁ፣ ይህን ከእናታችሁ ወገን ሆናችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ራሴ በዘጠኝ ዓመቴ አሜሪካ ገብቼ ለሁለት ዓመት እናቴን እንዲህ አድርጌአታለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

የቅዳሜ የኦንላይን ክፍል አስገባኋት። 45 ደቂቃ ነው። መምህሯ ጎበዝ ናቸው፤ ልጄ ግን ካሜራው ፊት ስትቀመጥ እንደ ድንጋይ ትሆናለች። በሦስተኛው ሳምንት አለቀሰች፤ ተውነው። ሐሳቡን ያመጣው ባለቤቴ ነው፤ መንገድ ላይ ሆኖ በስልክ። «አያቷ እኮ አላስተማረቻትም፤ አወራቻት እንጂ» አለኝ።

ለእናቴ ደወልኩ። «በየቀኑ በእናንተ 5 ሰዓት ላይ፣ በእኛ 4 ሰዓት ላይ፣ ስልኩን ኩሽና አስቀምጪውና ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።

«ምን ላስተምራት?»

«ምንም አታስተምሪያት። አውሪ።»

እንግዲህ ማውራት የእናቴ ሙያ ነው። ስልኬን ስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፈዋለሁ። እዚያ እናቴ ትከትፋለች፣ እዚህ እኔ እከትፋለሁ፣ ልጄ መሃል ተቀምጣ ትሥላለች። የሽንኩርት ዋጋ፣ የፎቁ ሊፍት መበላሸት፣ ማን ከማን ተኳረፈ። አንዳንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማንም ለልጅቱ አንድ ቃል አይናገራትም። አንድ ቀን ግን እናቴ ስለ አንዲት ጎረቤቷ ስታማ ልጄ ከወረቀቱ ቀና ብላ «ውይ! እንደዚህ አለቻት?» አለች። በአማርኛ። ሐሜት ነው ያመጣው። አሁንም አማርኛዋ የተደባለቀ ነው፤ የቪዲዮው ምስል ሲቆም «አያቴ ፍሪዝ አደረገች» ትላለች። እኔ አላርማትም።

ቋንቋውን በስልክ ማምጣት ይቻላል። በስልክ የማይመጣ ነገር እንዳለ ያየሁት በ2024 ጃንዋሪ ነው። ባለቤቴ ጭነት ይዞ ቴክሳስ፣ አማሪሎ አካባቢ ነበር። ውጭው በረዶ ሳይሆን መስታወት ነው፤ ዝናቡ እየወረደ መሬት ላይ ይረጋል። ከሌሊቱ 2 ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ልጄ እንደ ምጣድ ጋለች። ትኩሳቷ 104 ደረሰ። ዓይኗ ያየኛል፤ ግን የምታየኝ አልመሰለኝም። በእንደዚያ ያለ መንገድ መኪና ነድቼ አላውቅም።

አሌክሳንድሪያ ቢሆን በዚያ ሰዓት የምደውልላቸው አሥር ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ናቸው። እዚህ ስልኬን ከላይ እስከ ታች ገፋሁት፤ የቱልሳ ቁጥር የትምህርት ቤቱ፣ የጥርስ ሐኪሙና የፒዛ ቤቱ ብቻ ነበር። ለእናቴ ደወልኩ።

«ጎረቤት የለሽም?»

«አሉ፤ ግን አላውቃቸውም እማዬ። ሰላም ብቻ ነው የምንባባለው።»

«ሂጂና በራቸውን ምቺ።»

«በዚህ ሌሊት? እዚህ እንደዚያ አይደረግም።»

«የታመመ ልጅ ይዘሽ ነው የሚደረግና የማይደረግ የምትነግሪኝ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። እኔ አሁን የሩቅ ዘመድ ነኝ። ሂጂ!»

ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ። ሄድኩ። አበባ የሚያጠጡት ሴት በሩን ሲከፍቱ የሌሊት ልብስ ለብሰው ነበር። አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ለብዙ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶብስ የነዱ ሰው ናቸው፤ በዚያ መስታወት ላይ ፒካፓቸውን እንደ ጋሪ ቀስ እያደረጉ ነድተው ሆስፒታል አደረሱን። እስኪነጋ አጠገቤ ተቀመጡ። የጆሮ ኢንፌክሽን ነበር፤ በሳምንቱ ዳነች።

ዶሮ ወጥ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። በርበሬው አቃጥሏቸው አለቀሱ፤ ግን በሉ። በሦስተኛው ቀን ሳህኔን ሲመልሱልኝ በላዩ ላይ የፒካን ኬክ ነበረበት። ለእናቴ ስነግራት ዝም አለችና «ሳህን ባዶውን አይመለስም የሚለውን ማን ነገራቸው?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን ጠርታ «እንዴት ናቸው?» ሳትል ስልክ አትዘጋም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። ሐበሻ አለ ወይ ላላችሁ፣ አለ፤ ግን አሌክሳንድሪያ ውስጥ እንደሚሆነው ሰው ራሱ አይመጣላችሁም። የመጀመሪያዋን ሴት ያገኘኋት ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው፤ ስልክ ይዛ «እሺ፣ እሺ፣ በቃ ቻው» ስትል ሰማኋት። አንድ ሙሉ የዕቃ መደርደሪያ ተከተልኳት። አሁን ሦስት ቤተሰብ ነን፤ በወር አንድ ጊዜ ቡና እንጠጣለን። እድር ለመባል ቁጥራችን አይበቃም። ግን የቤት ቁልፍ ተለዋውጠናል። እንጀራ ከዳላስ ነው የምናመጣው፤ 260 ማይል ገደማ፣ አራት ሰዓት። በተራ እየሄድን ለአራታችን ቤት እንገዛለን፤ አዎ አራት፣ ጎረቤቴ ለምደውታል። አንዳንዴ ራሴ እጋግራለሁ፤ ዓይኑ አልወጣ ብሎኝ ስንት ሊጥ ደፍቻለሁ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ገበሬዎች ጤፍን የሚዘሩት ለፈረስ ድርቆሽ መሆኑን ሳነብ ለእናቴ ነገርኳት። «ፈረሱ ከእኛ ይሻላል፤ ዳላስ አይሄድም» አለች።

በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ልትጠይቀን መጣች። ከወንዙም ከመናፈሻውም በላይ ያያት ነገር ግሪንውድ ነው። ይህ የጥቁሮች ሰፈር ነው፤ በ1921 ሱቆች፣ ሆቴሎች፣ ሲኒማ ቤት፣ ሐኪሞችና ጠበቆች የነበሩበት ሀብታም ሰፈር። ሜይ 31 እና ጁን 1 ላይ ነጮች ተሰብስበው አቃጠሉት። 35 ብሎክ ያህል ወደመ። የሞቱት እስከ 3 መቶ እንደሚደርሱ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። የተረፉት ብዙዎች ክረምቱን በድንኳን አሳለፉ፤ ከዚያ መልሰው ሠሩት። በኋላ ደግሞ አውራ ጎዳና በመሃሉ አለፈበት። ዛሬ የእግረኛ መንገዱ ላይ የነሐስ ሰሌዳዎች ተቀብረዋል። በእያንዳንዱ ላይ እዚያ የነበረው ሱቅ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩም እንደገና ተከፍቶ እንደሆነ ወይም እንዳልተከፈተ።

እናቴ እያንዳንዱን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ልብስ ሰፊ፣ ተከፍቷል። ሐኪም፣ አልተከፈተም። ፀጉር አስተካካይ፣ አልተከፈተም። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እሷ ግን አንዱንም አላለፈችም።

«ቤታቸው ተቃጥሎ እዚሁ ቆዩ?» አለችኝ።

«ብዙዎቹ ቆዩ።»

ርካሽ ከተማ እንደ ባዶ ቤት ይመስላችኋል፤ ቁልፉን ተቀብላችሁ የምትገቡበት። ባዶ አይደለም። እንደ እኔ 10 ሺህ ዶላር ተሰጥቶት የሚመጣ ሰው ሲበዛ የቤት ኪራይ እንደሚጨምር የሚያማርሩ የከተማው ሰዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የምኖረው።

በ2024 ኦክቶበር እናቴ የጉልበት ኦፕራሲዮን ተደረገላት። አለቃዬን አስፈቅጄ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ ፈቃድ ወስዶ ከልጃችን ጋር ቆየ፤ ቁልፍ የተለዋወጥናቸው ሰዎችና ጎረቤቴ ረዱት። ለሦስት ሳምንት እናቴ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሠራሁ። ቀኑን ሙሉ ከኢንሹራንስ ሠራተኞች ጋር ስከራከር ሰማችኝ። በሁለተኛው ሳምንት፣ በምርኩዝ እየሄደች፣ አንድ ስኒ ቡና በዝግታ አጠገቤ አስቀመጠች። ኮምፒዩተሩን አየት አድርጋ «አሁን ገባኝ፤ ላፕቶፑ ቨርጂኒያን አልጠላም» አለች።

ቢሮ ተገኚ የሚለኝ ሥራ ቢሆን ከሦስት ቀን በላይ አልቆይም ነበር። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ግን ጉልበት በሦስት ሳምንት አይድንም። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ለሦስት ወር ሐኪም ቤት ያመላለሷት፣ ሾርባ ያመጡላት፣ ደረጃ ያወጧት እነዚያ ከፎቅ በታች ያሉት ሴቶች ናቸው። እኔ ጥያቸው የሄድኩት ሰዎች። ከእነሱ አንዷ በስልክ «አንቺ አትጨነቂ፣ እኛ አለን» ስትለኝ፣ ደስታውም እፍረቱም አንድ ላይ መጣ።

እስካሁን የቆጠብነው 18 ሺህ ዶላር ነው፤ ከታክስ የተረፈው የፕሮግራሙ ገንዘብ እዚያ ውስጥ አለበት። ቤት ማየት ጀምረናል። ዋጋው ደህና ነው፤ የቤት ኢንሹራንሱን ስንጠይቅ ግን ባለቤቴ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመ። በበረዶ ድንጋይና በቶርኔዶ ምክንያት ኦክላሆማ በቤት ኢንሹራንስ ውድ ከሆኑት ስቴቶች አንዷ ናት። ፍሪጁ ላይ ያለው ወረቀት እንደገና ተሰርዞ ተጽፏል። ለእናቴ አንድ ክፍል እንጨምርልሻለን ስንላት «እኔ ከዚህ የትም አልሄድም፤ ለእንግዳ አድርጉት» ትላለች። ለእንግዳ እናደርገዋለን፤ እንግዳዋ እሷ ናት። ኪራዩን ለአንድ ዓመት ደግሞ ፈርመናል።

ባለፈው ጁላይ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እኩለ ቀን ላይ ለእናቴ ደወልን። ስልኩ ስኳር ቆርቆሮው ላይ ነው። እናቴ ምስር እየለቀመች ስለ ሊፍቱ ታወራለች፤ ልጄ ትሥላለች፤ እኔ ማዶ ክፍል ሥራ ላይ ነኝ። ሳይረኑ ጮኸ። እናቴ ስልኩ ውስጥ ከወንበሯ ተነሣች። «በስመ አብ! ምንድነው? ውጡ! ኧረ ግቡ! እናትሽ የት ናት?»

ልጄ ከወረቀቷ ቀና አላለችም።

«አያቴ፣ አትፍሪ» አለቻት። «ሮብ እኮ ነው።»